ሃያ ስምንት ድንች

ጥር 14 ቀን 2017

ተጀመረ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እኔ ጎንደር፣ በርቀት ትምህርት ፕሮጀክቱ ቢሮ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። ከኮሶዬ ወዲያ ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ደግሞ ሠላሳ አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ቴሌቪዥን ውስጥ እኔን አዩ። "ደህና አደራችሁ?" አልኳቸው። ጸጥ። ሦስት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ድምፃቸው እንደ ጎርፍ መጣ፦ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቲቸር!" የሚዘገየው መስመሩ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ስጠይቅ ቶሎ ካልተመለሰልኝ አልወድም፤ ሦስቱ ሰከንድ ረዘመብኝ።

እዚያ ከልጆቹ ጋር ያለችው ሸዋረጋ ናት፣ የአማርኛ መምህርታቸው። ደብተራቸውን አንድ በአንድ እያነሳች ለካሜራው ታሳየኛለች። የሂሳብ መምህራቸው ገብረ ኢየሱስ ነበር። ገቤን አውቀዋለሁ፤ ኮሌጅ አብረን ነበርን። ታኅሣሥ ላይ ጠፋ። አንዱ ወገን "ለምን ታስተምራለህ?" ሌላው "ለምን ዘጋህ?" ብለውት፣ ስሙ በሁለቱም ዘንድ ተይዞ ነበር ይባላል። "ባለቤቱን ይዞ ደባርቅ ወርዷል" አለችኝ ሸዋረጋ፣ ሳልጠይቃት። በእሱ ቦታ ለመሄድ የደፈረ አልተገኘም፤ ለዚህ ነው እኔ በመስታወት ውስጥ የማስተምረው።

በማያው ጥግ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች፤ እየተቀዳ ነው ማለት ነው። ቢሮው ለሪፖርት እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ ይቀዳል። እኔ ላጠፋት አልችልም፤ ደግሞስ ለምን አጠፋታለሁ?

ጥር 19

የማባዛት ሰንጠረዡን እንደ ቆሎ ተማሪ በቃላቸው ያንበለብሉታል። ስድስት ጊዜ አራት? "ሃያ አራት!" ሃያ አራት እንቁላል ለስድስት ሰው ብናካፍል ለአንዱ ስንት ይደርሰዋል? ዝም። ይኼ ዝምታ የመስመሩ አይደለም።

ሐሳብ መጣልኝ። ጥያቄውን ራሳቸው ያውጡት፤ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤታቸው። "ከቤቴ" የሚል ስም ሰጠሁት። በቢሮው ያሉት ሁሉ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተቀዳ ዘዴ ነው የሚሞክሩት፤ ይኼ ግን የእኔ ነው።

ጥር 21

ተናድጃለሁ። የፊተኛውን ልጅ "ስንት በግ አላችሁ?" አልኩት። "ጥቂት።" "ጥቂት ስንት ነው?" "ሸጋ ናቸው፣ ቲቸር።" ተሳቀ። አንዷን ልጅ ደግሞ "እናንተስ ቤት ስንት ልጆች ናችሁ?" አልኳት። መሬት መሬት እያየች "እግዜር ይወቅ" አለች። ሁለተኛዋም "እግዜር ይወቅ።" ሦስተኛውም።

ጮኽኩ። "በሂሳብ ውስጥ 'እግዜር ይወቅ' የሚባል መልስ የለም! ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ የሚል ዜሮ ያገኛል!"

ፀዳ ሰፈር፣ ቤታችን ስደርስ ለአባቴ ነገርኩት። መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ እኔ የምስቅበት ነገር አያስቀውም። "ባላገር ከብቱንና ልጁን አይቆጥርም፣ ወንጌል። ሕዝቡን ባስቆጠረው ንጉሥ ላይ ምን እንደወረደ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ነግሬሻለሁ" አለኝ።

"አባዬ፣ የሂሳብ ትምህርት ነው እኮ። ቸነፈር አይወርድም።"

"መቁጠሩን መች ጠላሁት? እኔም አጽዋማቱንና በዓላቱን የማወጣው ቆጥሬ ነው። ግን ለማን ነው የምታስቆጥሪያቸው?"

ለማንም፣ አልኩት። ለራሳቸው።

ጥር 26

ዜሮ የፈሩ ልጆች ጥያቄ ይዘው መጡ። አንዱ ስለ ውኃ ጀሪካን፣ አንዷ ስለ ገብስ ቁና። ደስ አለኝ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሣ፦ "በጓሯችን አሥራ አንድ ሰዎች አለፉ። ሲመለሱ ዘጠኝ ነበሩ። ስንት ቀሩ?" ክፍሉ በሙሉ "ሁለት!" አለ። ሸዋረጋ ማጥፊያው አጠገቧ እያለ ሰሌዳውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። እኔ "ጎበዝ" አልኩ። ትክክል ነዋ፣ ሌላ ምን ይባላል።

ዛሬ ያገኘሁት እንቁ ግን አበቡ ናት። ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጥ፣ አንገቷ ቀጭን፣ ድምፅዋ ግን የሰርግ ዘፋኝ የሚያህል ልጅ። ሰማንያ አራትን ለአራት እንዲያካፍሉ ሰጠኋቸው። ሌሎቹ በጣት ሲቆጥሩ እሷ "ግማሹ አርባ ሁለት፤ የግማሹ ግማሽ ሃያ አንድ" አለች። እኔ አላስተማርኳትም። "ማን አሳየሽ?" አልኳት። ወደ ሸዋረጋ አየችና "ማንም። ከራሴ" አለች።

ኮሌጅ እያለን ገቤ ሁሉን ነገር እንዲህ ነበር የሚያካፍለው፤ በግማሽ በግማሽ። ጥሩ መምህር ከሄደም በኋላ ትምህርቱ ይቀራል ማለት ነው።

ጥር 28

ይኼን ቀን መርሳት አልፈልግም።

አበቡ እጅዋን አወጣች። "በቤታችን አምስት ነን። እናቴ ለራት ሃያ ድንች ትቀቅላለች፤ ለሰው አራት አራት። ከጥምቀት ወዲህ ግን ሃያ ስምንት ትቀቅላለች። ስንት እንግዳ አለን?"

ከወንበሬ ተነሣሁ። ማካፈል አለበት፣ መቀነስ አለበት፣ ሁለት እርምጃ አለው። በሃያ ዘመን መጽሐፍ እንዲህ ያለ ሸጋ ጥያቄ አልወጣም። "አበቡ፣ ወደ ካሜራው ቀረብ በይ። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ድገሚው!" ደገመችው። "ሁላችሁም፣ ስንት እንግዳ?" ሦስት ሰከንድ። "ሁለት!"

አበቡ ፈገግ ብላ ነበር። ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ፣ አንድ ነገር ድንገት ትዝ እንዳላት። ሸዋረጋ "ሰዓት ደርሷል" አለች። አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀረን ነበር።

ከመዘጋቱ በፊት የአበቡን ደብተር አሳየችኝ። ሰኞ የሰጠኋቸው የቤት ሥራ ነው፤ በየመልሱ አጠገብ በቀይ ትንሽ ትንሽ ክብ አለ። ገቤ ትክክል ለሆነ መልስ ጭረት ሳይሆን ክብ ነበር የሚያደርገው፤ እንስቅበት ነበር። ልጅቱ መምህሯን መምሰል ወዳ ራሷ ያደረገችው መሰለኝ።

ጥር 30

ጥድፊያ። አስተባባሪያችን አንዱዓለም ቅጂዎቹን ሲያይ ውሎ መጣ። "መምህርት ወንጌላዊት፣ ይቺ የድንቿ ልጅ! ሁለት ደቂቃ ቆርጠሽ ስጪኝ፣ ቻናላችን ላይ እንለቀዋለን። ለሚያዝያው የመምህራን ጉባኤም አንቺ ነሽ የምታቀርቢው።" በአዳራሹ ስሜ ሲጠራ ታየኝ። ኩራት ኃጢአት ነው ይላል አባቴ፤ ሲመጣ ግን ደስ ይላል።

የካቲት 3

ቪዲዮው ተላከ። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ። ከላይ የትምህርት ቤቱን ስም አንዱዓለም አስገባበት።

ሸዋረጋ ከሰዓት በኋላ መልእክት ልካ ነበር። እየቆረጥኩ ስለነበር አላነበብኩትም፤ ያየሁት ከተላከ በኋላ ነው። "እባክሽ የድንቹን ቀን ለማንም እንዳታሳዪ" ይላል። ምክንያት የለውም። ስልክ ብደውል አታነሣም። እዚያ ሰው ሁሉ ነገር ይፈራል፤ ፍርሃት ልማድ ሆኗል። ድንች ነው እኮ።

የካቲት 5

ሸዋረጋ ከሰላምታ በፊት "ዛሬ 'ከቤቴ' የለም" አለች። ለምን ስላት "የለም" ብቻ። ቅር አለኝ፤ ዘዴው የእኔ እንጂ የሷ አይደለም። ከመጽሐፍ አስተማርኩ። አበቡ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ እጅዋን አላወጣችም። አንዴ ብቻ ቀጥታ ወደ ማያው አየች፤ እኔን ሳይሆን ከእኔ በስተጀርባ ሌላ ሰው የተቀመጠ ይመስል።

የካቲት 9

እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከፒያሳ ወደ ፀዳ ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሰዎች ስልክ ላይ ተደፍተው ነበር። የአበቡን ድምፅ ሰማሁ። "...ስንት እንግዳ አለን?" አንደኛው ሳቀ። ሁለተኛው አልሳቀም። "የማን ልጅ ናት?" አለ። "ከኮሶዬ በላይ ነው፣ ስሙ ተጽፏል አይደል" አለው ያኛው።

ሒሳቤን ከፍዬ ከቤቴ ቀድሜ ወረድኩ።

የካቲት 10

መስመር የለም። የትምህርት ቤቱ ቦታ ጥቁር ሆኖ ዋለ።

አንዱዓለምን ቪዲዮውን እንዲያወርደው ለመንኩት። "ሦስት ሺህ ሰው አይቶታል፣ በዚህ ሰዓት ይወርዳል? ኃላፊው ሐሙስ ይመለሳል፤ እሱን እንጠይቃለን" አለኝ።

"ልጅቱ ላይ ችግር ቢመጣስ?"

"ምን ብላ? ድንች ቀቅላ?"

እኔም ባለፈው ሳምንት ያልኩት ይህንኑ ነበር። ከሰው አፍ ስሰማው ግን አንገሸገሸኝ።

የካቲት 12

መስመር የለም።

የካቲት 14

የለም። ቪዲዮው ዛሬ ወረደ። አምስት ሺህ ሁለት መቶ።

የካቲት 15

ሸዋረጋ ከኮሶዬ ደወለች። መንገድ ዳር ከአንድ ምግብ ቤት የሰው ስልክ ለምና ነው። ያለችውን እንዳለችው እጽፈዋለሁ፣ ሌላ የማደርገው የለኝምና።

ማክሰኞ ሲመሽ ሰዎች የአበቡ ቤት መጡ። የአበቡ አባት አያ አለነ ደጅ ወጥቶ "ቤት ለእንግዳ" አላቸው። ቤቱን አልፈተሹም። ቀጥ ብለው ወደ ምድጃው ሄደው ድስቱን ከፈቱት። አንዱ ድንቹን አንድ በአንድ እያወጣ መሬት ላይ ደረደረው። ሃያ ስምንት። ወደ አበቡ ዞሮ "ለሰው ስንት ስንት ነው የምትበሉት?" አላት።

አልመለሰችም። መልሱን ግን ያውቁት ነበር።

ከቆጡ ላይ፣ ከገብሱ ጀርባ፣ ገቤንና ባለቤቱን አወረዷቸው። ሁለቱንም፣ አያ አለነንም ጨምረው ወሰዷቸው። የት እንደወሰዷቸው የሚያውቅ የለም። የአበቡ ቤተሰብ ስለ ቪዲዮው ሰው ነግሯቸው ኖሮ፣ ሁለቱን እንግዶች በማግስቱ ረቡዕ ገና ሳይነጋ ወደ አዲ አርቃይ ሊያሻግሯቸው ጓዛቸውን አስረው ነበር። የቀራቸው ያች አንዲት ራት ብቻ ነበረች።

"ከየትኛው ወገን ናቸው?" አልኳት።

"እሱን ማን ይጠይቃቸዋል፣ እህቴ?"

"ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?"

"እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይወራል? አታሳዪ አልኩሽ። ከዚህ በላይ ምን ልበል?"

የካቲት 17

የዐቢይ ጾም መጀመሪያ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ውሎ መጣ። ሁሉን ነገርኩት፤ አልተቆጣኝም። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ..." ብሎ ጀመረና ተወው። ቀሪውን ማን የማያውቀው አለ፤ ድስት ጥዶ ማልቀስ። ድስት የሚለውን ቃል ከአፉ ሊያወጣው ስላልቻለ ይመስለኛል።

ለሱም ያልነገርኩት አለ። ይኼ ደብተር ማንም አያነበውም፤ እዚህ እንኳ ዋሽቻለሁ።

የካቲት 3 ላይ የሸዋረጋን መልእክት ከተላከ በኋላ አነበብኩት ብያለሁ። ሐሰት ነው። መልእክቱ የደረሰኝ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ነው፤ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ሲበራ አየሁት፣ ሙሉውን አነበብኩት። ቪዲዮውን የላኩት ዘጠኝ ከአርባ ነው። ሠላሳ ደቂቃ። በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ያሰብኩት ጉባኤውን ነበር።

ክቡንም አውቄዋለሁ። ሰኞ የሰጠሁት የቤት ሥራ ላይ ረቡዕ ጠዋት የገቤ ክብ ነበረ። ደባርቅ የወረደ ሰው ኮሶዬ ያለ ደብተር አያርምም። ይኼን ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም፤ አምስተኛ ክፍል ይበቃል። ቆጥ ላይ ተደብቆ የተማሪውን ደብተር ሲያርም ነበር። የእኔን የቤት ሥራ ነበር የሚያርመው። እኔን እያገዘኝ ነበር።

አውቄ እንዳላወቅኩ ሆንኩ። ጥፋቴ ይኼ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

የካቲት 24

መስመሩ ተመለሰ። ክፍሉ ግማሹ ባዶ ነው። ሸዋረጋ ጥግ ቆማለች። አንዲት ሴት ወደ ካሜራው መጣች፤ ፊቷ ማያውን ሞላው። የአበቡ እናት።

"እዚህ ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ" አልኩ።

"ምነው እቴ፣ ምን በደልንሽ? እኛ በጋችንን እንኳ አንቆጥርም። ምነው ልጄን አስቆጠርሽብኝ? ልጄ አፍ የላትም አሁን። ቁና አምጪ ስላት ታለቅሳለች።"

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አልኩ። እሷ ግን ሦስት ሰከንድ ያህል ጠብቃ፣ ያልመለስኩላት መስሏት ፊቷን አዞረች። ቃሌ እዚያ የደረሰው ጀርባዋን ሰጥታ ስትሄድ ነው። ቀይዋ ነጥብ በርታ ነበር። ይኼም ተቀድቷል።

አንዱዓለም አየውና "ይቺን ለሪፖርቱ አናስገባትም" አለ። መቅዳቱ ካልቆመ አላስተምርም አልኩት። ቅጂ ከሌለ ፕሮግራም የለም አለኝ። የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

መጋቢት 1

ዛሬ ቤታችን ድረስ ሁለት ሰዎች መጡ። መታወቂያ አላሳዩም። በሩን የከፈተው አባቴ ነው፤ እኔ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። "አባታችን፣ እዚህ ቤት ስንት ናችሁ?" አሉት።

እኔና እሱ ብቻ ነን። ሁለት ማለት ምን ይከብዳል? አባቴ መቋሚያውን ተደገፈ። "እግዜር ይወቅ" አላቸው።

አንደኛው አንድ ነገር ጻፈ። ሲሄዱ አባቴ በሩን ዘግቶ ከውስጥ ቆለፈው። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በቀን በር ሲቆልፍ አይቼው አላውቅም።

መጋቢት 3

ሸዋረጋን ለአምስት ቀን ለመንኳት። ዛሬ ፈቀደች፤ በእኔ ስልክና በሷ ስልክ። ስልኳን በወንበር ላይ በመጽሐፍ ደግፋ አቆመችልኝ። ልጆቹ ተጠጋግተው ተሰበሰቡ። ስም አልጠራሁም፤ ስንት እንደመጡም አልቆጠርኩም። የገቤም፣ የባለቤቱም፣ የአያ አለነም ወሬ የለም። ሸዋረጋ ስልኩን ስታስተካክል ሦስቱንም በስም ጠርታ ራሷን ነቀነቀች።

አበቡ ከኋላ መጣች። ከስታ ነበር። ስልኩን በሁለት እጅዋ አንሥታ አራቱንም ጥግ አየች።

"ቀይዋ ነጥብ የለችም?"

"የለችም፣ አበቡ።"

"ማን ያያል?"

"እኔ ብቻ።"

አላመነችኝም፤ እኔም አልፈረድኩባት። ስልኩን መለሰችና ቆመች። ሸዋረጋ "ተቀመጪ፣ የኔ ልጅ" አለቻት። አልተቀመጠችም።

"ጥያቄ አለኝ" አለች። ያ ድምፅዋ የለም፤ ጆሮዬን ስልኩ ላይ አስጠጋሁ። "በቤታችን ሰዎች አሉ። እናቴ ድንች ትቀቅላለች። ስንት ነን?"

ሸዋረጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ ጠበቅኩ። ሦስት ሰከንድ አለፈ፣ ከዚያም በላይ። ከዚያ ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው በአንድ ድምፅ መለሱ፦

"እግዜር ይወቅ!"

ወረቀት አነሣሁ። መልሳቸውን ጻፍኩት፣ በቀይ እስክሪብቶ አጠገቡ ትንሽ ክብ አደረግኩና ወደ ካሜራው አስጠጋሁት። "ትክክል ነው" አልኩ።

አበቡ ክቧን ብዙ አየቻት። ከዚያ ሄዳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች።